ከሰሙ ጠብታ ቀጥሎ ያለችው ቤት

ሰው የሚዋሸው በአፉ ነው ይባላል። እኔ የዋሸሁት በዓይኔ ነው። አፌማ ያን ቀን ሁለት ቃል ብቻ ነው ያወጣው፤ እሱም ቢሆን ከዓይኔ ጥፋት በኋላ የመጣ ነው። እንዴት እንደሆነ ልናገር። ታዲያ ታገሱኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ለመጻፍ እጄ አልተፈታም።

ስሜ ዝናው ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድንበሩ የተገፋበት፣ ባሏ የከዳት፣ ውርሱን የተቀማ ሁሉ እኔ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሆዱን ያወራኛል፤ እኔም እንደሚሆን እንደሚሆን አድርጌ እጽፍለታለሁ። አሁን አሁን ጎረምሶቹ ኮምፒውተር ቤት ሄደው ነው የሚያስጽፉት። ኮምፒውተሩ ግን ከንፈር አይመጥላቸውም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ እስካሁን አልከዱኝም። በዚህ ሥራዬ አላፍርም። የማፍርበት ነገር ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ራስጌ ካለው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ዕጣ መጣያ መጽሐፍ ነው። ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ብራናው ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። ያገኘሁት ከየኔታ ነው። ልጅ ሳለሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰባት ዓመት ተምሬያለሁ። ቅኔ ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ታምሜ ነው» እላለሁ፤ ስንፍና ነበር። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ ግን ያን ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ትተው እኔን አስጠሩኝ። «ከመደቤ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አለ። በወጣትነቴ የሳትኩበት ነው። ወስደህ አቃጥልልኝ፤ ማንም አይየው» አሉኝ። «እሺ የኔታ» አልኩ። እሳቱንም አንድጄ ነበር። ገልጬ ቀዩን ቀለም ሳየው ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ ይዤው ቀረሁ። የኔታ «አቃጠልከው?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ» ብያቸዋለሁ። በዚህ እምነት ነው የሞቱት።

መጽሐፉ መሐሉ ላይ ሲገለጥ በሁለቱ ገጽ አርባ ክብ ተሥሎበታል። አንዱ ክብ «ቤት» ይባላል። በየቤቱ አንዳንድ መስመር ግእዝ አለ፤ አንዱ ሂድ ይላል፣ አንዱ ተቀመጥ፣ አንዱ አግባ፣ አንዱ ታገሥ። ከታች በቀኝ በኩል፣ ከኔ በፊት ምናልባትም ከየኔታ በፊት፣ የአንዱ ጧፍ አንጠባጥቦበት ምስር የምታህል የሰም ጠብታ ደርቃ ቀርታለች። ደጋግሜ በጥፍሬ ልፍቃት ሞክሬ አልለቀቀችም።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ጠያቂው እህል ሳይቀምስ ይመጣል። ከገዛ ቤቱ አንዲት ፍሬ ገብስ ይዞ ይመጣል። የራሱንና የእናቱን ስም ይናገራል፤ የአባት ስም አይጠየቅም፣ እናት ናት የማታጠራጥር። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና ገብሷን ከግንባሩ ትክክል ይለቃታል። ያረፈችበት ቤት የሱ ነው። እኔ አነብለታለሁ። ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አይጣልም፤ ወደደም ጠላም የወጣለትን ይዞ ይሄዳል።

ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣ ነበር። ቄሱም አያውቁ፣ ሸሁም አያውቁ፤ ማለትም ሁለቱም ያውቃሉ። ይልቁንም ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ሻንጣቸውን ሳይቋጥሩ እኔ ዘንድ ሳይደርሱ አይነሡም ነበር። እኔም ስለ ራሴ አንድ ነገር አፌን ሞልቼ እናገር ነበር፤ ያየሁትን ነው የማነበው። ክፉም ሲሆን አነባለሁ። የወረዳው ሹም እንኳ ለልጁ ሠርግ አስጥሎ «ቆይ» ሲወጣለት «ቆይ» ብዬዋለሁ፤ አንድ ዓመት ሰላምታ ከልክሎኛል። አልዋሽም ነበር፣ ከአንድ ቀን በቀር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ውስጥ ነው። ኑርሀያት መጣች። ኑርሀያት ገበያ ላይ ጌሾና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ኡበይድ የሚባል አንድ ለእናቱ የሆነ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበራት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ጃንጥላዬ ሥር ነው የመጣችው። ሰው እስኪሄድ ጠበቀችና ተጠጋችኝ።

«መሪጌታ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በዚህ ከተማ ፊት ለፊት «ጋሼ ዝናው» ነው የምባለው፤ ዞር ስል «ጠንቋዩ» ይሉኛል። መሪጌታ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። መሪጌታ ተምሮ የጨረሰ ሰው ስም ነው፤ ሳልጨርስ የወጣሁ መሆኔን ደግሞ የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ያውቃል። ኑርሀያት አለማወቋ ይሁን አክብሮቷ እንጃ፣ ብቻ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ እንደ ማር ወለላ ሲወርድ ተሰማኝ። ወረቀቴን አስቀመጥኩ።

«ኡበይድ ነገ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ከጎረቤታችን ልጅ ከነሰዑድ ጋር ሊሄድ ነው። በባቲ አድርገው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ደላላው ለጁምአ ቀን ቆርጦላቸዋል። እኔ ብለምነው ብለምነው አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ‹የጋሼ ዝናው መጽሐፍ ሂድ ካለኝ እሄዳለሁ፣ አትሂድ ካለኝ እቀራለሁ› ብሎ በአላህ ማለልኝ። በአላህ ይሁንብዎ መሪጌታ፣ አትሂድ ይበሉልኝ።»

«የሚለው መጽሐፉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁ» አልኳት።

«መጽሐፍ አፍ የለው። አፉ እርስዎ ነዎት፣ መሪጌታ። የአሪፋ ልጅ የት ቀረ? የዘይኑልአቢዲን ሁለቱ ወንድማማቾች የት ቀሩ? ባሕር ነው የበላቸው። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።» ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ዳኛው ከመኪናቸው ሲወርዱ እያዩ።

ምንም አላመጣችልኝም። ማር ብታመጣ በማሩ ባሳበብኩ፤ ቅቤ ብታመጣ «በላሁባት» ብዬ በተጸጸትኩ። ባዶ እጇን ነበረች። «እሺ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት አብረው መጡ። እሷ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ኡበይድ ከፊቴ ተንበረከከ። ደስ የሚል ልጅ ነበር፤ ቀልድ ከአፉ አይጠፋም። መጽሐፉን ከጨርቁ ስፈታ አይቶ «ጋሼ ዝናው፣ ይቺ መጽሐፍዎ ኔትወርክ ይሠራላታል?» አለኝ። «ጂዳ ድረስ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ገብሷን ከኪሱ አወጣ፣ «ኡበይድ፣ የኑርሀያት ልጅ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። አጭበርብሮ እንኳ ሽፋሽፍቱን አላነሣም።

ገብሷ ስታርፍ ጠብ የምትል ድምፅ አላት። ሰማኋት። አላየኋትም።

ይህን በደንብ ልናገር። ወደ መጽሐፉ አጎንብሻለሁ፣ ፊቴን ያየ ሰው ያነባል ነው የሚለው። ዓይኔን ግን ወደ ገጹ አላወረድኩም፤ ከኡበይድ ትከሻ በላይ እናቱን ነበር የማየው። ለምን ቢሉ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ስኖር የተማርኩት ብልጠት ነው። እዚያ «አላየሁም» ያለ ምስክር አይቀጣም። ካየሁ ማንበቤ ነው፤ አንብቤ ሌላ ከተናገርኩ መዋሸቴን አውቀዋለሁ። ሳላይ ከተናገርኩ ግን ማን ያውቃል፣ ምናልባት እውነት ተናግሬ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብዬ ነው ራሴን ያታለልኩት።

«አትሂድ ይላል» አልኩ። ገብሷን በመዳፌ ጠርጌ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ኡበይድ ዓይኑን ገለጠ። ደላላውን አነጋግሮ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ጓደኞቹን ተሰናብቶ የጨረሰ ልጅ ነው። ይጨቃጨቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጨቃጨቀኝ ምናልባት ይለወጥ ነበር። እሱ ግን «ኸይር ነው፣ በቃ» አለና ወደ እናቱ ዞሮ «ደስ አለሽ እማየ?» አላት። እናቱ እየሳቀች አለቀሰች። እጄን ስመው ወጡ። ጁምአ ዕለት ሰዑድና ጓደኞቹ ሲሄዱ ኡበይድ እስከ መናኸሪያ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ልጅ ቃሉን ጠበቀ፣ እኔ ሽማግሌው ቃሌን በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት የማፍርባቸው ወራት ናቸው፤ ምክንያቱም አላፈርኩባቸውም። ሰኔ ላይ አንዲት ጀልባ ሰጠመች ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ስንቱ የወሎ ልጅ ነው ያለቀው እያለ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ እኔ ልቤ ውስጥ «አንዱን አድኛለሁ» አልኩ። አላህም እግዜርም ጽፈውልኛል ብዬ አሰብኩ። ከነሰዑድ ጀልባ ጋር ግን የሚያገናኛት ነገር አልነበረም። ሰዑድ በሰባተኛው ሳምንት «ደርሻለሁ» ብሎ ደወለ።

ኡበይድ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ዓሣ ከሚያጠምዱት ጋር ሐይቁ ላይ ወጣ። መረብ መጣል ለመደ። በመስከረም አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ታንኳቸው ተገለበጠች። ሁለቱ ዋኝተው ወጡ። የኡበይድን እግር መረቡ ጠልፎ ያዘው።

በሦስተኛው ቀን ሐይቁ አስከሬኑን ወደ ገዳሙ በኩል ገፋው። መነኮሳቱ ናቸው ያወጡት። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ኑርሀያት ሴት ከማታልፍበት ድንበር ላይ፣ ዛፍ ሥር ቆማ ቀረች። ወንዶቹ ሊያመጡት ሲሄዱ እኔም ተነሥቼ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ መቀመጥ ስላልቻልኩ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ይዤ የተመላለስኩበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ኡበይድን በቃሬዛ ተሸክመን ወጣን። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ።

እናቱ ከሩቅ አየችን። ስንደርስ ቃሬዛውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። «መሪጌታ፣ እርስዎ ነዎት ያመጡልኝ?» አለችኝ። «አላህ ይስጥልኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ውኃ ነው የፈራችለት፣ ውኃ ነው የበላው። ብቻ የሷን ፍርሃት ለልጁ መንገድ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፉን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ዕጣ አስጥለኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ «አይጥ በላው» እላለሁ። ጎረምሶቹ አልተጎዱም፣ ስልካቸው ላይ ኮከብ የሚቆጥርላቸው ነገር አግኝተዋል አሉ። ማቃጠሉን ግን አሁንም አላቃጠልኩትም። ክብሪት ይዤ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። «ከአርባው ቤት ውስጥ አንዱ የኡበይድ ነው» እላለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሁሉንም ማቃጠል ሁለተኛ መግደል ይመስለኛል። እንዲህ እያልኩ መልሼ እቆልፈዋለሁ።

ኑርሀያት ሦስት ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን ባየችኝ ቁጥር፣ ከመንገዱ ማዶም ብሆን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «መሪጌታ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። በፊት እንደ ማር የወረደልኝ ቃል አሁን እንደ እሾህ ነው የሚሰነቀርብኝ። «ደህና፣ ይመስገን» እላትና እግሬን አነሣለሁ። ኋላ ኋላ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። የበደሉትን ሰው ፊት እንደመሸሽ ያለ አድካሚ ሥራ የለም፤ ከተማዋ ደግሞ ትንሽ ናት።

ዘንድሮ ከዒድ በኋላ ሰዑድ ከዓረብ አገር መጣ። ከኑርሀያት ቤት ፊት ለፊት በላከው ገንዘብ ቤት ተሠርቶለት ነበር፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ የመስታወት መስኮት። ሀፊዛ የምትባል ልጅ አገባ። ድንኳኑ የተተከለው በኑርሀያት ደጅ ነው፤ ሌላ ቦታ የለማ። ሦስት ቀን ተጨፈረ። እሷም ሽንኩርት ስትልጥ፣ ወጥ ስታማስል ሰነበተች አሉ። ሙሽራውን አቅፋ ስማዋለች። እኔ በሠርጉ አልሄድኩም።

ሠርጉ ባለቀ በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኑርሀያት ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሥራለች። «መሪጌታ፣ ልግባ?» አለች፤ ገባች፤ ያን ጊዜ የተቀመጠችበት መደብ ላይ ተቀመጠች። ውኃ ልስጥሽ ብላት እምቢ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ» አለችኝ። «ሸሁ አጀል ነው ይሉኛል። የትም ቢሄድ ቀኑ ደርሶ ነበር፣ ባሕር ቢሻገርም ሞት እዚያ ይጠብቀው ነበር ይሉኛል። አምናለሁ፤ አላህ አያሳየኝ፣ አልክድም። ግን ሰዑድን አቅፌ ስስመው ሆዴ እንቢ አለኝ። ያን ለት መጽሐፉ ምን ነበር ያለው?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ነቅዟል። ልዋሻት አስቤ ነበር፣ አልደብቅም። «አላየሁም» አልኳት በመጨረሻ። «ኑርሀያት፣ በእመብርሃን ምዬ ነው የምነግርሽ። ገብሷ ስትወድቅ ሰማሁ እንጂ አላየኋትም። መጽሐፉ ያለውን አላውቅም።»

ትጮሃለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ራሷን ነቀነቀች።

«አውቃለሁ» አለች። «እርስዎ ያን ለት እኔን ነበር የሚያዩት። እኔ ግን ገብሷን አየኋት።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ማንበብ አልችል» አለች። «ብችል ኖሮ ሦስት ዓመት ባልቆየሁ። ቦታዋን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አኖርባታለሁ። በየገበያው ሰላም የምልዎት ለምን ይመስልዎታል? አንድ ቀን ቆም ብለው ይነግሩኛል ብየ ነው። እርስዎ በወፍጮ ቤት ዞረው ይሄዳሉ። ያምጡት መጽሐፉን።»

ሳጥኑን ከፈትኩ። ጨርቁን የፈታችው እሷ ናት። አርባውን ቤት ገልጬ መሐላችን አስቀመጥኩት። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ አየችና ጣቷን ከታች በቀኝ በኩል አሳረፈች። «ይቺ የሰም ጠብታ አለች አይደል? ከሷ ቀጥላ ያለችው ናት። እዚች ላይ ነው ያረፈች። ወላሂ እዚች ላይ ናት።»

ጣቷን አነሣች። አነበብኩ። ብዙ አይደለም፣ አንድ መስመር ናት፤ ከሩብ ደቂቃ በላይ አትወስድም። በድጋሚ አነበብኳት። ሦስተኛ ጊዜ አነበብኳት። ሑር በሰላም፣ ርቱዕ ውእቱ ፍኖትከ። በሰላም ሂድ፣ መንገድህ ቀና ነው።

ኑርሀያት ገጹን አታይም ነበር። ፊቴን ነበር የምታየው።

አሁን እውነቱን ብነግራት ልጇን በገዛ ልመናዋ እንዳስቀረችው፣ ከዚያም ለሐይቁ እንደሰጠችው ልነግራት ነው። ይህን ይዛ ወደዚያ ሰማያዊ ቤት ፊት ለፊት ልትመለስ ነው። ብዋሻት ትድናለች። መጽሐፉ ነው ያስቀረው፣ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ብላ ትሄዳለች፤ እኔም መጽሐፉን አቃጥዬ ኀጢአቱን ለብቻዬ እይዘዋለሁ። እንዲህ አሰብኩ። ደግነት መስሎኝ ነበር።

«አትሂድ ነው የሚል» አልኳት።

ኑርሀያት መጽሐፉን አየችው፣ እንደገና ፊቴን አየችው።

«ያን ለት ቶሎ ነበር ያሉት፤ ዛሬ ዘገዩ» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ እንደ ተማሪ ጣቴን ከመስመሯ ሥር አድርጌ ግእዙን አነበብኩላት፣ አማርኛውን ነገርኳት። «በሰላም ሂድ» ስል ከኔ ጋር አብራ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ልጇን እንደምትሸኝ። «መንገድህ ቀና ነው።» እንባ አላወጣችም። ፊቷ ግን እኔ እያየሁት አረጀ።

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«እንግዲህ ሁለታችን ነን» አለች። «እኔ ለምኜ፣ እርስዎ እሺ ብለው።»

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «አንቺ እናት ነሽ፣ ፈርተሽ ነው። እኔ ነኝ።»

«ይሄንንማ አውቃለሁ። እኔ እናቱ ነኝ። ባሕሩን ፈራሁ፣ ልጀን ለአንድ ቀን እንኳ ከዓይኔ እንዳይርቅ ብየ ነው። አላህ ፊት ስቆም የምለው አለኝ።» ወደ እኔ ዞረች። ንዴት አልነበረባትም፤ በእውነት ማወቅ የፈለገች ሰው ናት። «እርስዎ ግን ምን አግኝተው ነው? ምን ሰጠሁዎት?»

ምንም አልሰጠሽኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። የጽሕፈት ሰው ነኝ፤ ለስንቱ ሌባ፣ ለስንቱ ድንበር ገፊ ምክንያት ፈልጌ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አዝኜልሽ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ማመልከቻ ቢሆን እንዲያ ነበር የምጽፈው። ግን ያ የመጀመሪያው ቀን፣ ጃንጥላው ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ ጆሮዬ የገባው ቃል ትዝ አለኝ። ከሷ ልመና በፊት፣ የኡበይድን ስም ከመጥራቷም በፊት በልቤ እሺ ብዬ ጨርሼ ነበር።

«መሪጌታ ብለሽ ጠራሽኝ» አልኳት።

«ለዚህ?»

«ለዚህ።»

ተነሣች፤ ጫማዋን አደረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። መጽሐፉ መሐላችን እንደተገለጠ ነው፤ አላየችውም። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። የወሎ ሰው ናት፤ ጠላቱም ቤት ቢሆን ሳይሰናበት የሚወጣ ሰው አይደለችም።

«ደህና ይዋሉ፣ አያ ዝናው» አለችኝ።